ፍትነተ ብርዕ፦ «ድሮ እኮ እሥል ነበር» ለምትሉ ሁሉ

«ድሮ እኮ እሥል ነበር።»

ይህችን ዐረፍተ ነገር ከጓደኛው አፍ ያልሰማ ወይም ራሱ ያልተናገራት የከተማ ልጅ ማግኘት ይከብዳል። የባዮሎጂ ደብተሩ ላይ ልብን ከነደም ሥሩ አሳምሮ በመሣል መምህሩን ያስደነቀ፣ የቦብ ማርሌይን ፊት ከካሴት ሽፋን ላይ በእርሳስ ገልብጦ ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ ያሳየ፣ ለክፍሉ ልጆች የልደት ካርድ እየሠራ ሻይ በዳቦ የተጋበዘ ልጅ በየሰፈሩ ነበር። ዛሬ ያ ልጅ ባንክ ቤት መስኮት ጀርባ ተቀምጧል፤ ወይም ሶፍትዌር ይጽፋል፤ ወይም ሳይት ላይ ቆሞ ብሎኬት ያስቆጥራል። ስለ ሥዕል ሲነሳ ፈገግ ይልና ያችኑ ዐረፍተ ነገር ይደግማታል። ጓደኞቹም «ተሰጥኦ ነበረው እኮ!» ይላሉ፤ ልክ ስለ ሟች እንደሚወራው።

በዚህ ጽሑፍ መጨቃጨቅ የፈለግነው «ተሰጥኦ» ከሚሉት ከዚህ ቃል ጋር ነው። ተሰጥኦ የሚባል ነገር የለም አንልም። ቃሉ ግን ሳናስተውለው ሁለት ሥራ ይሠራል፤ የቀጠለውን ያሞግሳል፣ ያቆመውን ይቀብራል። «ስጦታው ያለው ሣለ፣ የሌለው ተወ» ከተባለ በኋላ የሚጠየቅ ነገር አይቀርም። የሥዕልን ታሪክ ገለጥ ገለጥ ላደረገ ሰው ግን ከስጦታው ይልቅ ደጋግመው የሚመጡበት ሌሎች ነገሮች ናቸው፤ የወረቀት ዋጋ፣ የተቃጠለ የዶሮ አጥንት፣ ልጆች የሚተኙበት ጠባብ ክፍል፣ የወንድም ደመወዝ። አንድ እጅ ለዓመታት ሳያቋርጥ እንዲሠራ ያደረጉት በአብዛኛው እንዲህ ያሉ ተራ ነገሮች ናቸው። (ዓመተ ምሕረቶቹን በተመለከተ፦ የውጭውን ታሪክ ስናወራ እንደ ፈረንጆቹ፣ የራሳችንን ስናወራ እንደ ራሳችን እንቆጥራለን።)

ነገራችንን ሁሉም ከሚያውቀው ሰው እንጀምር። ቪንሰንት ቫን ጎግ ሲባል አብዛኞቻችን የምናውቀው ጆሮውን ነው። ጆሮውን ቆርጧል፣ አብዷል፣ ራሱን ገድሏል፣ ሲሞት ደግሞ ሥዕሉ በሚሊዮኖች ተሸጧል። የተሰጥኦ ተረት ከዚህ የተሻለ ጀግና አላገኘም። ይህ ሰው ግን በ1880 አጋማሽ ላይ 27 ዓመቱ ነበር፤ ሠዓሊም አልነበረም። ከዚያ በፊት ጉፒል በሚባለው የሥዕል ንግድ ቤት ተቀጥሮ ሠርቷል፤ ተባሯል። አስተማሪ ሆኗል፤ አልዘለቀበትም። መጽሐፍ መደብር ውስጥ ሠርቷል። ቤልጅግ ውስጥ ቦሪናዥ በሚባል የከሰል ማዕድን ሠራተኞች አገር ሰባኪ ሆኖ ነበር፤ እዚያም ውሉ አልታደሰለትም። ዘመዶቹ ሥራ ፈት አድርገው ነበር የሚያዩት። በእኛ አገር ቢሆን ኖሮ «የዚህ ልጅ ነገር…» ተብሎ በየሰንበቴው የሚወራለት ዓይነት ሰው ነበር።

በዚያው ዓመት መጀመሪያ አካባቢ፣ በክፉ ብርድ፣ ኪሱ ውስጥ ጥቂት ፍራንክ ይዞ 70 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ተጉዞ ኩሪየር የምትባል የፈረንሳይ መንደር ደረሰ። ዡል ብሬቶን የሚባል በጊዜው የታወቀ ሠዓሊ እዚያ ይኖር ነበር። ደጁ ድረስ ሄዶ የስቱዲዮውን ግንብ ከውጭ አየ፤ ለመግባት ግን ድፍረት አላገኘም። ሜዳ እያደረ፣ ይዟቸው የነበሩ ንድፎችን በዳቦ ቁራሽ እየለወጠ ተመለሰ። በኋላ ለወንድሙ ለቴዎ በጻፈው ደብዳቤ፣ በተስፋ መቁረጥ ጥዬው የነበረውን እርሳስ መልሼ የማነሳው መሆኑ የገባኝ በዚያ መከራ ውስጥ ነው ሲል ነግሮታል።

እርሳሱን አነሳ፤ ከዚያስ? እዚህ ላይ ነው ታሪኩ ለፊልም የማይመች የሚሆነው። በመስክ መሐል ቆሞ ጸሐይን አልሣለም። ገለበጠ። ሻርል ባርግ የሚባል ፈረንሳዊ ከሠዓሊው ዠሮም ጋር ሆኖ ያዘጋጀው የሥዕል ማስተማሪያ ነበር፤ ተማሪው እያየ የሚገለብጣቸው ትልልቅ የታተሙ ሉሆች ናቸው። አሳታሚው ቫን ጎግን ያባረረው ያው ጉፒል ነው፤ ሉሆቹን ያዋሰውም ሔግ ከተማ የሚገኘው የጉፒል ቅርንጫፍ ኃላፊ ነው። ኩዌም በሚባል መንደር አንድ የማዕድን ሠራተኛ ቤት ውስጥ፣ የቤቱ ልጆች በሚተኙበት ትንሽ ክፍል፣ ሁለት አልጋ መሐል ተጣብቆ እነዚህን ሉሆች አንድ በአንድ ይገለብጥ ጀመር። በከሰል የሚሠሩት መልመጃዎች ብቻ 60 ናቸው። 60ዎቹን ጨረሰ። ከዚያ እንደገና ጀመረ።

የእነዚያን ወራት ሥራዎቹን ያየ ሰው «ይሄ ልጅ የትም አይደርስም» ቢል አይፈረድበትም። ሰዎቹ ግንድ ይመስላሉ፤ እጃቸው እንደ አካፋ ነው፤ የቆሙበት መሬት አይታይም። የባዮሎጂ ደብተሩ ላይ ልብ የሣለው የሰፈራችን ልጅ በ15 ዓመቱ ከዚህ የተሻለ እጅ ነበረው ብንል ብዙም አላጋነንም። ልዩነቱ የመጣው ቀጥሎ ባሉት ሦስት ዓመታት ነው። ቫን ጎግ በእነዚያ ዓመታት የዘይት ቀለምን ከቁም ነገር አልቆጠረውም ማለት ይቻላል፤ በደንብ የገባበት በ1882 ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ በአብዛኛው እርሳስ፣ ከሰል፣ ቀለምና ብዕር ነበር። ሔግ ላይ በጡረተኞች መጠለያ የሚኖሩ አዛውንቶችን በሳንቲም እያስቀመጠ ይሥል ነበር። ርቀትን በትክክል ለማየት የሚረዳ፣ ገመድ የተወጠረበት የእንጨት መስኮት በአናጢና በቀጥቃጭ አሠርቶ ተሸክሞት ወደ ባሕር ዳርቻ ይወጣ ነበር። ስጦታ ብቻውን በቂ ቢሆን ኖሮ ያን ጣውላ ተሸክሞ ባልዞረ።

በየቀኑ መሣልን የፈለሰፈው እርግጥ ቫን ጎግ አይደለም። ሮማዊው ፕሊኒ በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን በጻፈው ትልቅ መጽሐፉ ውስጥ አፔሌስ ስለሚባል የግሪክ ሠዓሊ ይተርካል። አፔሌስ የታላቁ እስክንድር ሠዓሊ የነበረ ሰው ነው። ፕሊኒ እንደሚለው ምንም ያህል ሥራ ቢበዛበት ቢያንስ አንድ መስመር ሳያሠምር የዋለበት ቀን አልነበረም፤ ልማዱም ተረት ሆኖ ቀረ። ልብ በሉ፤ በታሪክ በየቀኑ በመሣል የመጀመሪያውን ስም ያገኘው ሰው ጊዜ የተረፈው ሰው ሳይሆን ሥራ የበዛበት ሰው ነው። ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። ከአፔሌስ ሥዕሎች መካከል ዛሬ አንድም የተረፈ የለም። ሥዕሎቹ በሙሉ ጠፍተው ልማዱ ብቻ ሁለት ሺህ ዓመት ተሻግሮ እኛ ጋ ደርሷል።

ከአፔሌስ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበን ግን ቼኒኖ ቼኒኒ ነው። ጣሊያናዊ ነው፤ በ1400 አካባቢ ስለ ሙያው የእጅ መጽሐፍ ጽፎ ትቷል። የተራቀቀ ሐሳብ አታገኙበትም፤ ሙጫ እንዴት እንደሚፈላ፣ ቀለም እንዴት እንደሚፈጭ፣ ብሩሽ ከየትኛው እንስሳ ጸጉር እንደሚሠራ የሚናገር የባለሙያ መጽሐፍ ነው። ጥቂትም ብትሆን በየቀኑ አንድ ነገር መሣልን አትተው ብሎ ይመክራል። ወዲያው ግን ተማሪው የሚሥልበት ነገር ከየት እንደሚያመጣ ይነግረዋል። ይሄ ነው የወደድንለት። ወረቀት ውድ ነው፤ ብራና ደግሞ የባሰ ነው። ስለዚህ አንዲት ትንሽ የእንጨት ገበታ፣ በያንዳንዱ ጎኗ አንድ ስንዝር የሆነች፣ አለስልሰህ አዘጋጅ ይላል። ከምግብ የተረፈ የዶሮ ጭንና ክንፍ አጥንት እሳት ውስጥ ጨምረህ ከአመድ በላይ እስኪነጣ አቃጥል። ፍጨው። በምራቅህ ለውሰህ ገበታዋ ላይ በስሱ ቀባ። ከዚያ በብር መቅረጫ ሣልባት፤ ስትሞላ ፍቀህ እንደገና ቀባት።

የዚህን ገበታ ትርጉም አስቡት። ሠዓሊው የሚያሠምረው መስመር እንዲጠፋ ታስቦ የተሠራ ነው። ማንም አያየውም፤ ለማንም አይሸጥም፤ ለነገ አይቀመጥም። ዛሬ ጀማሪውን የሚያስቆመው ትልቁ ነገር የዚህ ተቃራኒ ይመስለናል። መስከረም ሲጠባ ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ ወረቀቱ የሚያሳሳ ስኬች ደብተር እንገዛለን። የመጀመሪያውን ገጽ ላለማበላሸት ሁለት ሳምንት እንፈራዋለን። አምስት ገጽ ሠርተን አንዱ ሲበላሽ ደብተሩ በሙሉ የተበላሸ ይመስለንና መሳቢያ ውስጥ እንከተዋለን። እንዲያውም አሁን አሁን አንዱን ገጽ እንደጨረስን ፎቶ አንስተን ስልካችን ላይ ስለምንለቀው፣ ስንት ሰው እንደወደደው ሳንቆጥር ሁለተኛውን አንጀምርም። ለእኛ ዘመን የዶሮ አጥንቱ ምትክ ፎቶ ኮፒ ቤት በራፍ ላይ አለ፤ ስህተት ታትሞ በካርቶን የሚጣል፣ ጀርባው ንጹሕ የሆነ ኤ4 ወረቀት። አንዷ ጸሐፊያችን በኪሎ ሒሳብ ለሱቅ መጠቅለያ ሊሸጥ የነበረ አንድ ካርቶን ወስዳ ዓመት ከመንፈቅ ሠርታበታለች። የተበላሸ ወረቀት ላይ የተበላሸ ሥዕል ማንንም አያስደነግጥም።

በራሳችን አገርም የዚህ ዘመድ የሆነ ነገር አለ፤ ስሙን የዚህ ጽሑፍ ርዕስ ያደረግነውም እሱን ነው። የብራና መጻሕፍቶቻችንን የፊትና የኋላ ባዶ ቅጠሎች ላገላበጠ ሰው አልፎ አልፎ ድንገት ከጽሑፉ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ጭረት፣ የተደጋገመ ፊደል፣ አንዳንዴም የተጀመረ ምስል ያጋጥመዋል። አጠገቡም «ፍትነተ ብርዕ» የሚል ይኖራል፤ የብርዕ ሙከራ ማለት ነው። ጸሐፊው መቃውን ቀርጾ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ ወደ ቅዱሱ ጽሑፍ ከመግባቱ በፊት እጁንና ብርዑን የፈተነበት ቦታ ነው። አንዳንዱ «ሠናይ» ብሎ ይጨምርበታል፤ መልካም ነው፣ ይሠራል እንደማለት። የመጻሕፍቱን ዝርዝር የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች በአንዲት መስመር መዝግበውት ያልፋሉ፤ እኛን ግን ከመጽሐፉ ሐረግና ወርቅ እኩል ይስበናል። አንድን ትልቅ መጽሐፍ ለማዘጋጀት የብዙ ፍየል ቆዳ ይፈጃል። ቆዳው ተዘፍዝፎ፣ ተወጥሮ፣ ተፍቆ ብራና እስኪሆን የሚወስደው ልፋት ቀላል አይደለም። በዚያ ሁሉ ዋጋ ከተገኘ ነገር ላይ ለሙከራ የሚሆን ጥግ ተገኘ ማለት እኮ ሙከራ እንደ ነውር አይታይም ነበር ማለት ነው።

መገልበጥም እንደዚያው ነው። ዛሬ «አይተህ ነው የሣልከው» ማለት ስድብ ሆኗል። የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች ግን በ1590 እና 91 ሮም ላይ የታተመው የዐረብኛ ወንጌል እጃቸው ሲገባ በውስጡ ያሉትን የእንጨት ቅርጽ ሥዕሎች ያለ አንዳች ኀፍረት እየገለበጡ ወደ ራሳቸው ቀለምና ዓይን አመጧቸው። የጣሊያኑ መስመር በእኛዎቹ እጅ ሲያልፍ ዓይኑ ገዘፈ፣ ጥላው ጠፋ፣ ልብሱ ባለ ጥለት ሆነ። ቫን ጎግ የባርግን ሉሆች፣ ቀጥሎም የሠዓሊውን የሚሌን ገበሬዎች ሲገለብጥ የሠራው ሥራ ከዚህ የተለየ አይደለም። ገልባጭ እጅ የሚጠቅመው ትልቅ ጥቅም አለ፤ «ዛሬ ምን ልሣል?» ከሚለው አድካሚ ጥያቄ ያሳርፋል። ከሥራ ደክሞ የገባ ሰው እርሳሱን የሚያስቀምጠው ብዙውን ጊዜ እዚህ ጥያቄ ላይ ነው፤ እጁማ አልደከመም።

ነገር ግን ወረቀቱም ሞዴሉም ተገኘ እንበል። ሰዓቱስ? ሰዓት ደግሞ ዞሮ ዞሮ የገንዘብ ጥያቄ ነው፤ ታሪኩም እዚህ ላይ ከበድ ይላል።

የእኛ አገር ቤተሰብ ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ «መጀመሪያ ሙያ ያዝ»። አፈወርቅ ተክሌ ገና ልጅ ሳለ ወደ እንግሊዝ የተላከው ማዕድን ምሕንድስና እንዲማር ነበር። የአፍሪካ አዳራሽን 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት ያየ ሰው ያ ምሕንድስና በመቅረቱ ብዙም አያዝንም። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የግብርና ሳይንስ ጀምሮ ነው ያቋረጠው፤ በኋላ ጀርመን ኮሎኝ ሄዶ ሥዕል ተማረ። ሆኖም ሐረር ሳለ እጁን ያፍታታው አካዳሚ ውስጥ አልነበረም። አባቱ አለቃ ደስታ ነቃጥበብ ቁም ጽሕፈትና የመጻሕፍት ሥዕል የሚያውቁ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ። ብርዕ ሲቀረጽና ቀለም ሲበጠበጥ እያየ ያደገ ልጅ በየቀኑ መሥራትን ከየትም አያመጣውም፤ እቤቱ ያገኘዋል። እቤቱ ያላገኘውስ?

ለእሱ ነው አለ ፈለገ ሰላም የደረሱለት። ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ወገን ተወልደው፣ አሜሪካ ቺካጎ ሥዕል ተምረው የተመለሱት እኚህ ሰው በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን አቋቋሙ፤ እስከ አብዮቱ ድረስም መሩት። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው ይጠራል። ስለዚህ ትምህርት ቤት ሲወራ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ያፈራቸው ታላላቅ ስሞች ናቸው፤ ተገቢም ነው። እኛ ግን ሌላም ውለታ እናይበታለን። አንድ ወጣት ጠዋት ከቤት ሲወጣ እናቱ «ወዴት ነህ?» ብትለው «ልሥል» ብሎ የሚመልስበት ቦታ ተፈጠረ። ሌላው የሕግ ወይም የሒሳብ ክፍሉን እንደሚገባ እሱም በሰዓቱ ይገባል፤ ደወል ይደወልለታል፤ ቢቀር ይጠየቃል። እጅ እንዳያቋርጥ ከዚህ የተሻለ ነገር አልተፈለሰፈም። ችግሩ የሚመጣው ከምረቃ ማግስት ነው፤ ደወሉ ይቆማል። ጎበዝ ተማሪ የነበሩ፣ ከዲፕሎማው በኋላ ሸራ ያልነኩ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። እነሱንም «ተሰጥኦ አነሳቸው» ልንል ነው?

ወደ ቫን ጎግ እንመለስ፤ የእሱን ደወል የሚደውለው ማን ነበር? ቴዎ ነው። አራት ዓመት ያንሰዋል፤ ፓሪስ ውስጥ በዚያው በጉፒል ቤት ተቀጥሮ ሥዕል ይሸጣል። ከደመወዙ እየቆረጠ ለታላቅ ወንድሙ ይልክ ጀመር፤ ቪንሰንት ሔግ በነበረበት ጊዜ በወር 150 ፍራንክ ደርሶ ነበር። ይህ ስንት ነው? ቫን ጎግ በኋላ አርል ላይ የሣለው ባለጺሙ የፖስታ ቤት ሰው ሩላን ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን የሚያስተዳድረው በወር 135 ፍራንክ እንደነበር ራሱ ቫን ጎግ ጽፏል። እንግዲህ ቴዎ በየወሩ የአንድ ሙሉ ቤተሰብ ቀለብ ነበር የሚልከው፤ ለአሥር ዓመት ያህል። በተለይ ቀለምና ሸራው ገንዘቡን ስለሚውጠው ቪንሰንት እንደዚያም ሆኖ ይራባል፤ ይጨቃጨቃል፤ «አንተ ሥዕሎቼን ለመሸጥ አትለፋም» ብሎ ወንድሙን ይከሳል። በመጨረሻ አንድ ዓይነት ስምምነት ላይ ደረሱ፤ የምትልክልኝ እርዳታ ሳይሆን የሥዕሎቼ ዋጋ ይሁን፣ ሥዕሎቹ ያንተ ናቸው የሚል። ለእኛ ይህ ስምምነት የወንድማማቾች ኩርፊያ ማብረጃ ብቻ ሆኖ አይታየንም። ተመጽዋች ሆኖ በየቀኑ መሥራት አይቻልም፤ ሠራተኛ ሆኖ ግን ይቻላል።

ገንዘቡ የገዛውን ነገር በቁጥር ማየት ይቻላል። ቫን ጎግ በአሥር ዓመት ውስጥ 2,100 ገደማ ሥራዎች ትቷል፤ ከእነዚህ 860 ያህሉ የዘይት ቀለም ናቸው። በ1885 «ድንች በሊዎች» የተባለውን ጨለም ያለ ሥዕሉን ከመጀመሩ በፊት ክረምቱን ሙሉ የገበሬ ፊት ብቻ ሲሥል ከረመ፤ ዕቅዱ 50 ፊት ነበር። በመጨረሻዎቹ 70 ቀናት ኦቨር ላይ 75 ገደማ ሥዕል ሠርቷል። ይህ የእብድ ሩጫ አይደለም፤ እብደቱ ሲመጣማ እጁ ይቆም ነበር። በ1889 ሐምሌ ላይ ሳን ሬሚ በሚገኘው የአእምሮ ሕሙማን መጠለያ ሳለ ክፉኛ ታሞ ከአንድ ወር በላይ መሥራት አልቻለም። ሲሻለው የጠየቀው ቀለሙን ነው። ሳያቋርጡ መሥራት ስንል እንግዲህ ይህንንም እንጨምራለን፤ ያቋረጡ ዕለት ወደ ጀመሩበት መመለስን። «መቶ ቀን ያለማቋረጥ» የሚሉት ውድድር የማይጥመን ለዚህ ነው፤ 37ኛው ቀን ላይ ለቅሶ ከመጣ ወይም ልጅ ከታመመ ጨዋታው አበቃ ይባላል። የሰው ኑሮ ደግሞ ለቅሶ ያለበት ነው።

ቫን ጎግ ከሚያደንቃቸው የጃፓን ሕትመት ሠሪዎች መካከል አንዱ ሆኩሳይ ነው፤ እሱን ሳናነሳ ብናልፍ ይህ ጽሑፍ ጎደሎ ይሆናል። በ1760 ተወልዶ በ1849 ሞተ። ሰማያዊውን ማዕበል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ቲሸርት ላይም፣ የስልክ ሽፋን ላይም አለ። ያን ሲሠራ 70 ዓመት አልፎት ነበር። ከዚያ በፊት በ1814 «ማንጋ» የሚባሉትን የሥዕል መልመጃ መጻሕፍት ማሳተም ጀምሯል፤ ለተማሪዎችና ለመሣል ለሚሞክር ተራ ሰው መገልበጫ እንዲሆኑ የታሰቡ ናቸው። ኋላ 15 ቅጽ ደረሱ። ወፍ፣ ታጋይ፣ ዝናብ የመታው መንገደኛ፣ ወፍራም ሰው ሲታጠብ፣ ድልድይ፣ ሽንኩርት፣ ሁሉም አለበት። ሙያውን የሚደብቅ ሰው አልነበረም።

በ1839 ቤቱ ተቃጠለ። በሕይወቱ ሙሉ ያከማቻቸው ንድፎች አብረው ነደዱ። 80 ዓመት ሊሞላው ነው። በዚህ ዕድሜ ሁሉን ነገር ያጣ ሰው ቢያርፍ ማን ይወቅሰዋል? ሆኩሳይ ግን ከሦስት ዓመት ያህል በኋላ፣ በ1842 ማብቂያና በ1843፣ ጠዋት ጠዋት አንድ አንድ አንበሳ መሣል ጀመረ። የሩቅ ምሥራቁ ተረት አንበሳ ነው፤ ጸጉሩ የተጠቀለለ፣ አንዳንዴ የሚደንስ፣ አንዳንዴ ሰው የሚመስል። ክፉ ነገር እንዲርቅለት ነበር የሚሥለው፤ እንደ ጠዋት ጸሎት። ሉሆቹ ላይ ቀኑን ይጽፋል። ጥቂት የብሩሽ ምት፣ ቀለሙ ጥቁር ብቻ፣ ከዚያ ጨረሰ። ከ200 በላይ የሚሆኑት ዛሬም አሉ። ጨርሶ አጨማድዶ ይጥላቸው ነበር፣ እየሰበሰበች ያኖረቻቸው ልጁ ኦይ ናት ተብሎ ይነገራል። ኦይ ራሷ ግሩም ሠዓሊ ነበረች፤ የአባቷን ቀለም ስታዘጋጅና ሥራውን ስታግዝ ስለኖረች የራሷ ስም ያረፈባቸው ሥዕሎች እጅግ ጥቂት ናቸው። ቴዎንና ኦይን ጎን ለጎን ስናስቀምጥ ይከነክነናል። «በየቀኑ ሣለ» ከተባለ ከእያንዳንዱ ሰው ጀርባ ወረቀት የገዛ፣ ወጥ የሠራ፣ የተጣለ ያነሳ ሌላ ሰው አለ። ከጓደኞቻችን መካከል ሥዕል የተዉት ሴቶች ከወንዶቹ የሚበዙት ስጦታው ስላነሳቸው አይመስለንም፤ ማታ ቤት ሲገቡ ምድጃው የሚጠብቀው እነሱን ነው።

ቫን ጎግ በ1890 ግንቦት ላይ ወደ ኦቨር ተዛወረ። በዚያን ጊዜ «የሱፍ አበቦች»ንም «ኮከባማ ሌሊት»ንም ሠርቶ ጨርሷል። ሥራዎቹ ብራስልስና ፓሪስ ላይ ለእይታ ቀርበዋል፤ አንድ ሃያሲ በመጽሔት ላይ አድንቆ ጽፎለታል። ከኦቨር ለቴዎ ከጻፋቸው ደብዳቤዎች በአንዱ የሚፈልገውን ዕቃ ሲዘረዝር አንድ ነገር አጥብቆ ለመነው፤ የባርግን የከሰል መልመጃ ሉሆች እንዲያገኝለት። እነዚያኑ ኩዌም ውስጥ በልጆች አልጋ መሐል ሆኖ የጀመረባቸውን ነው። 60ዎቹንም በአንድ ወር ውስጥ እንደገና ልሠራቸው አስቤያለሁ አለው።